ሩሙ ነው የሚጣፍጠው ወይስ ስኳሩ?

ከውጭ የመጣ ዘመድ ያመጣው፣ ወይ ከቦሌ ዱቲ ፍሪ የተገዛ ጠርሙስ ነው። ወፍራም ብርጭቆ፣ የቡሽ ክዳን፣ ወርቃማ ጽሑፍ። ይከፈትና ለሁሉም አንድ አንድ መለኪያ ይቀዳል። ከተቀመጡት አንዱ ጎንጨት ይልና «ኧረ ይሄ ምንም አይነካም፣ ዝም ብሎ ነው የሚወርደው!» ይላል። በቃ፣ ፍርዱ ተሰጠ። ምርጥ ሩም ተባለ።

ሊሆን ይችላል። ግን ብዙ ጊዜ ጉሮሮውን ያለሰለሰው ሩሙ ሳይሆን የተጨመረበት ስኳር ነው። እኔ ከጣፋጭ መጠጥ ጋር ጠብ የለኝም። የሚያናድደኝ፣ ጠርሙሱ ላይ አንድም ቃል ሳይጻፍ ስኳሩ ገብቶ ገዢው ግን «ለብዙ ዓመት በበርሜል የቆየ ስለሆነ ነው እንዲህ የለሰለሰው» ብሎ አምኖ ብዙ ብር ሲከፍል ነው። ስለዚህ ዛሬ በስኳር የተጫነ ሩም እንዴት እንደሚቀመስ፣ እንዴት እንደሚፈተሽና እንዴት እንደሚፈረድበት እንነጋገር።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ሩም ከሸንኮራ ስለሚሠራ በተፈጥሮው ጣፋጭ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው። ትክክል አይደለም። ሩም የሚሠራው ከሸንኮራ ጭማቂ ወይም ከሞላሰስ ነው። ሞላሰስ እኛም ጋ በወንጂም በመተሐራም በፊንጫም ስኳሩ ተጣርቶ ከወጣ በኋላ የሚተርፈው ጥቁርና ዝልግልግ ያለው ነገር ነው። በውሃ ይበጠበጣል፣ እርሾ ይገባበታል፣ እርሾው ስኳሩን በልቶ አልኮል ያደርገዋል። ከዚያ እየፈላ በእንፋሎት ይጣራል። እዚህ ጋ ነው ነገሩ። ድፍድፉ ሲፈላ ተንኖ የሚወጣው አልኮሉ፣ ሽታውና የተወሰነ ውሃ ነው። ስኳር አይተንም። ያልተበላ ስኳር ቢኖር እንኳን እዚያው ድስቱ ውስጥ ከአተላው ጋር ይቀራል።

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ይሄን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከቱቦው ጠብ ጠብ የሚለው አረቄ፣ ድፍድፉ ምንም ቢሆን፣ ጣፋጭ ሆኖ አያውቅም። ያቃጥላል እንጂ አይጣፍጥም። ሩምም በዚህ በኩል አረቄ ነው። ከማጣሪያው ሲወጣ እንደ ውሃ የጠራና ደረቅ ነው። የጠጅ ነገር ሌላ ነው፤ ጠጅ እንደ አረቄ በእንፋሎት ስለማይወጣ ያልተበላው ማር እዚያው ይቀራል፣ ለዚህ ነው ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ደረቅ እያልን የምናዘው። የሩም ጣፋጭነት ግን የተረፈ ሳይሆን የተጨመረ ነው።

በርሜሉስ? በርሜል ብዙ ነገር ይሰጣል። ቀለም ይሰጣል፣ ቫኒላ ቫኒላ የሚል ሽታ ይሰጣል፣ የእንጨት ቅመም ይሰጣል፣ አፍ የሚያደርቅ ትንሽ ምሬትም ይሰጣል። ስኳር ግን በጣም ትንሽ ነው የሚሰጠው፣ ምላስ «ጣፋጭ» የሚለው ያህል አይደለም። እንዲያውም በደንብ የቆየ ሩም ሽታው ጣፋጭ፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ደረቅ ነው። ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ ትጠቅመናለች።

ታዲያ ለምን ይጨምሩበታል? ምክንያቱ ከገበያው ነው የሚመጣው። ወጣት ሩም ሸካራ ነው። በበርሜል እስኪበስል መጠበቅ ደግሞ ውድ ነው፤ በሞቃት የካሪቢያን አገሮች በየዓመቱ ከበርሜሉ የሚተንነው ብዙ ነውና ባለቤቱ እየጠበቀ እያነሰበት ነው የሚሄደው። ከዚያ በላይ በረጃጅም ዘመናዊ ማጣሪያዎች በጣም ተጣርቶ የሚወጣ ሩም ቀላልና ሽታው ጥቂት ስለሆነ፣ ብቻውን ሲቀመስ ባዶ ባዶ ይላል። ስኳር ይሄን ሁሉ ባንዴ ይሸፍናል። ማቃጠሉን ያበርዳል፣ ምሬቱን ይደብቃል፣ ፈሳሹን ወፈር ያደርገዋል፣ ከዋጡት በኋላም አፍ ውስጥ የሚቆይ ነገር ያስቀራል። ቀማሹ ያንን መቆየት የሩሙ ጥልቀት ይመስለዋል። ከስኳር ሌላ ቫኒላ፣ ግሊሰሪን (ወፈርና ጣፈጥ ያለ ፈሳሽ)፣ ጣፋጭ ወይን የሚጨምሩም አሉ። ቀለም ለማጥቆር የሚገባው የተቃጠለ ስኳር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ቀለም እንጂ ጣዕም ላይ ብዙም አይታይም። ስለዚህ የጠቆረ ሩም ሁሉ የቆየም፣ የጣፈጠም ማለት አይደለም።

ሕጉ እንደ አገሩ ይለያያል። ጃማይካ በስሟ በሚሸጥ ሩም ላይ ስኳር መጨመር አትፈቅድም። የማርቲኒክ ሩም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የራሱ ጥብቅ የትውልድ ቦታ ደንብ አለው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣውና ከ2021 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ደግሞ «ሩም» ለመባል በአንድ ሊትር ከ20 ግራም በላይ ማጣፈጫ መግባት የለበትም ይላል። ከዚያ ካለፈ ጠርሙሱ ላይ «ሩም» ብሎ መሸጥ አይቻልም፣ «ስፒሪት ድሪንክ» (የአልኮል መጠጥ) የሚል ነው የሚጻፍበት። ቡምቡ ኦሪጅናል እና ከፊሊፒንስ የሚመጣው ዶን ፓፓ ባሮኮ አውሮፓ ውስጥ የሚሸጡት በዚህ ስም ነው። የጠርሙሱ ቅርጽና ምስሉ ያው ነው፣ «ሩም» የምትለዋ ቃል ግን ከዋናው ስም ላይ የለችም። ይሄን ማየት የለመደ ዓይን ብዙ ብር ያድናል።

የአልኮል መጠኑም ይናገራል። አውሮፓ ውስጥ ሩም ለመባል ቢያንስ 37.5 በመቶ አልኮል ያስፈልጋል። ካፒቴን ሞርጋን ስፓይስድ ጎልድ 35 በመቶ ነው። ይሄ ምንም የተደበቀ ነገር የለውም፤ ቅመም የገባበት፣ የተጣፈጠ መጠጥ መሆኑን ስሙም ቁጥሩም ይናገራል። እንደዚህ በግልጽ ሲነገር ምንም ቅሬታ የለኝም።

ሌላው የሚያሳስተው ትልቁ ቁጥር ነው። ዛካፓ 23 የሚለውን ያየ ሰው 23 ዓመት የቆየ ሩም ይመስለዋል። ድብልቁ ግን ከ6 እስከ 23 ዓመት የቆዩ ሩሞች የተቀላቀሉበት ነው። «ሶሌራ» የምትል ቃል፣ የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ሩሞች እያቀላቀሉ የማቆያ ዘዴ ናት፣ ከቁጥር አጠገብ ካያችሁ ቁጥሩ የትንሹን ዕድሜ ላይሆን እንደሚችል አስቡ። ዕድሜው በግልጽ ተጽፎ «ዓመት» የሚል ቃል ከጎኑ ካለ ሌላ ነገር ነው።

በነገራችን ላይ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አንድ የመጠጥ መደብር ውስጥ ሻጩን «ጋሼ፣ ይሄኛው ስኳር አለው?» ብዬ ጠይቄ ነበር። «ልጄ፣ ይሄ ለስለስ ያለ ነው፣ ለሴቶች ይሆናል» አሉኝ። በደግነት ነው ያሉት፣ አውቃለሁ። ግን ይሄ አነጋገር ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ሴቶች ደረቅ መጠጥ አይችሉም ይላል፣ ወንዶቹን ደግሞ ጣፋጩን እየወደዱ እንዳይናገሩ ያደርጋል። ምላስ ጾታ የለውም። ጥያቄው መሆን ያለበት ስንት ግራም ነው የሚለው ነው።

ግራሙን ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 4 ግራም ነው። በሊትር 40 ግራም ያለው ሩም፣ ይሄ በጣም የተጣፈጠ የሚባለው ነው፣ በ50 ሚሊ ሊትር ደብል ውስጥ 2 ግራም ስኳር አለው። ግማሽ ማንኪያ ማለት ነው። ኮካ ኮላ ደግሞ በሊትር ከ100 ግራም በላይ አለው። ስለዚህ «ስኳር ስላለው ለጤና መጥፎ ነው» የሚለው ክርክር ብዙም አያስኬድም፣ ብርጭቆው ውስጥ ለጤና የሚያሰጋው መጀመሪያ አልኮሉ ነው። ሩሙን በኮካ የሚጠጣ ሰው ደግሞ ስኳሩን አይለየውም፤ ለእሱ ውድ የሆነውን ጣፋጭ ሩም መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። የስኳሩ ነገር የሚነሳው ሩሙን ብቻውን ለሚቀምስና በጥራቱ ለሚከፍል ሰው ነው።

አሁን ወደ ቅምሻው።

ሰዓቱን ምረጡ። ጥብስ በሚጥሚጣ ከበላችሁ በኋላ፣ ወይም በስኳር የተሞላ ማኪያቶ ከጠጣችሁ በኋላ አትቅመሱ። ዳቦና ውሃ አጠገባችሁ ይኑር። እንጀራ አይሆንም፣ ኮምጣጣነቱ ጣፋጩን ያጎላዋል። ብርጭቆው የወይን ብርጭቆ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ። ብርሌ ቆንጆ ነው ግን አንገቱ አፍንጫ አያስገባም። በረዶ አይገባም። ቅዝቃዜ ጣፋጭነትን ያደበዝዛል፣ ሽታውንም ይዘጋል። በክፍሉ ሙቀት ሲሆን ነው ስኳሩ ራሱን የሚያጋልጠው።

አፍንጫ ይቀድማል። ምክንያቱም ስኳር አይተንም ብለናል፣ የማይተን ነገር ደግሞ አይሸትም። ስለዚህ አፍንጫችሁ በስኳር አይታለልም። ብርጭቆውን ከአፍንጫ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ፣ አፋችሁን በትንሹ ከፍታችሁ፣ በቀስታ አሽቱ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው፣ አልኮሉም ቶሎ ይተናል፤ አፍንጫን ብርጭቆው ውስጥ ወሽቆ ወደ ውስጥ መሳብ ያነጥሳል እንጂ ምንም አይነግርም። ከዚያ የሚሰማችሁን በራሳችሁ ቃል በሉት። ሙዝ ሙዝ ይላል? አናናስ? የተቃጠለ ስኳር? የቆየ እንጨት፣ ቆዳ፣ ትንባሆ? ጥሩ ሩም ላይ ሽታው አንድ አይደለም፣ ብርጭቆው በቆየ ቁጥር ይለዋወጣል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሌላ ነገር ይመጣል። የተጫነው ላይ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሽታ ብቻ ከፊት ይቆማል፣ ኬክ ቤት በር ላይ እንደሚመታው የቫኒላ ሽታ፣ ከኋላው ደግሞ ምንም የለም።

አፍንጫው ጥቂት ተናግሮ አፉ ብዙ ከተናገረ ጠርጥሩ። ዋናው ምልክት እሱ ነው።

ከዚያ ጎንጨት። ትንሽ ብቻ። ወዲያው አትዋጡት፣ ምላስ ላይ አንሸራሽሩት። ጣፋጭ የሚሰማው የምላስ ጫፍ ላይ ብቻ ነው የሚለው ስህተት ነው፣ ጣፋጭ ሁሉም የምላስ ክፍል ላይ ይሰማል፣ ስለዚህ አፋችሁን ሙሉ አዳርሱት። የመጀመሪያው ጎንጨት ፍርድ አይሰጥበትም፣ እሱ አፍን ለማለማመድ ነው። በሁለተኛው ላይ ቅደም ተከተሉን ተከታተሉ። ደረቅ ሩም ሲጀምር ትንሽ ጣፈጥ ሊል ይችላል፤ አልኮል ራሱ ትንሽ ጣፋጭ ይላል፣ የቫኒላ ሽታውም ምላስን ያሞኛል። ከዚያ ግን ይዞራል። ቅመሙ ይመጣል፣ እንጨቱ ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ አፍ ይደርቃል። የተጣፈጠው ላይ መዞር የለም። ጣፋጩ ከመግቢያው ጀምሮ እስከ መውጫው ድረስ አለቅ ብሎ ይቆያል፣ ሌላው ሁሉ ከሥሩ ነው የሚያልፈው።

ከዋጣችሁ በኋላ ከንፈራችሁን እርስ በርስ ግጠሙት። ያጣብቃል? ምላሳችሁን ወደ ላንቃ አስነኩት፣ ሙጭጭ ይላል? ከደቂቃ በኋላ አፋችሁ ውስጥ የቀረው ምንድን ነው? የሩም ጣዕም ነው ወይስ ጣፋጭ ብቻ? ብዙ ሰው «ጣዕሙ አፍ ውስጥ ይቆያል» የሚለው የስኳሩን መቆየት ነው። ስኳር ሁሌም ይቆያል። የሚያስመሰግነው ሽታው ሲቆይ ነው።

በርካታ መጠጥ የምትቀምሱ ከሆነ መትፋት ነውር አይደለም። እኛ ጋ ሰው ፊት መትፋት ይከብዳል፣ ይገባኛል፣ ግን በሙያው የሚቀምሱ ሰዎች ሁሉ ይተፋሉ፣ የሰከረ ምላስ አይፈርድምና። አንድ ባዶ ኩባያ ለየሰዉ ማስቀመጥ ይበቃል። መኪና ይዞ የመጣ ካለ ደግሞ እሱ ከነጭራሹ በአፍንጫው ብቻ ይሳተፍ።

ቀጥሎ ውሃ ጨምሩበት። የሩሙን ያህል ውሃ፣ እኩል በእኩል። ይሄ ፈተና በጣም ነው የምወደው፣ ምክንያቱም መደበቂያ ያሳጣል። አልኮሉ ወደ 20 በመቶ ይወርዳል፣ ማቃጠሉ ይጠፋል፣ ስለዚህ ስኳሩ የሚሸፍነው ነገር አይኖርም። ጥሩ ሩም እንዲህ ሲቀጥን ይከፈታል፣ ቅድም ያልነበረ ፍሬ ፍሬ የሚል ሽታ ይመጣል። ባዶው ደግሞ የቫኒላ ሽታ ያለው የስኳር ውሃ ሆኖ ቁጭ ይላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ እሱም ቅደም ተከተል ላይ ነው። ሁለት ሩም የምታወዳድሩ ከሆነ ደረቁ ይቅደም፣ ጣፋጩ ይከተል። ጣፋጩ ከቀደመ ምላስ ይለምደዋል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ደረቅ ሩም ምንም ቢሆን መራራና ሸካራ ይመስላል። ሰው ሰብሰብ ብሎ ሲቀምስ ሁሌ ጣፋጩ የሚያሸንፈው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ቢቻል ሌላ ሰው ይቅዳ፣ ጠርሙሱንም አትዩት። የጠርሙሱ ውበት ምላስ ላይ ያለው ጉልበት ቀላል አይደለም።

ምላሳችሁን ማሠልጠን ከፈለጋችሁ መንገዱ ቀላል ነው። ስኳር የሌለበት ሩም ፈልጉ፣ የጃማይካው አፕልተን ወይም የባርቤዶሱ ማውንት ጌይ ይሆናል። ሦስት ብርጭቆ ላይ መቶ መቶ ሚሊ ሊትር ቅዱ። አንዱን እንዳለ ተዉት። በሁለተኛው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ በሦስተኛው አንድ ሙሉ ማንኪያ፣ ሁለቱንም በትንሽ ሙቅ ውሃ አሟሙታችሁ ጨምሩ። ስኳር አልኮል ውስጥ ቶሎ አይሟሟም፣ ለዚህ ነው ሙቅ ውሃው። አሁን በሊትር 0፣ 20 እና 40 ግራም ገደማ ያለው ሩም አላችሁ። ለሦስት ለአራት ሰው ይበቃል። ቅመሱት። ያው አንድ ሩም ነው፣ ግን ሦስተኛው «በጣም የቆየ» ይመስላችኋል። ከዚህ በኋላ ያንን ጠርሙስ በድሮው ምላስ አትቀምሱትም።

ከምላስ ውጭ ማረጋገጫ ለሚፈልግ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው የስኒ ማስቀመጫ ነው። ከእያንዳንዱ ሩም አንድ የሻይ ማንኪያ በነጭ ማስቀመጫ ላይ አፍስሳችሁ መስኮት ላይ መተው ብቻ ነው። እሳት ላይ እንዳትጥዱት፣ አልኮሉ ይቀጣጠላል። በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ስለሆነ ቶሎ ያደርቀዋል፣ ክረምት ላይ ግን ይጎተታል። አንድ ጊዜ ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ባለ ጓደኛዬ ቤት ሁለት ማስቀመጫ አዘጋጅተን ትተን ነበር። ሲደርቅ የደረቁ ሩም ማስቀመጫ ላይ የቀረው ስስ ቡናማ ክብ ነው፣ በጣት ሲነካ ምንም የለውም፣ ሲጠርጉት ይለቃል። የሌላኛው ግን ሙሉ በሙሉ አልደረቀም ነበር። የሚያብለጨልጭ፣ ጠርዙ ላይ ወፈር ያለ ነገር ነው የቀረው። የጓደኛዬ እናት በጣታቸው ነክተው፣ ጣታቸው ተጣብቆ ክር ሲያወጣ «ውይ፣ ይሄ ደግሞ ማር ነው እንዴ?» አሉ። «አይ እትዬ፣ ያ ውድ መጠጥ ነው» አልኳቸው። እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ፣ ከዚያ በኋላ ክርክርም አላስፈለገም።

ሁለተኛው ሃይድሮሜትር ነው፣ ፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፍ፣ ቁጥር የተጻፈበት የብርጭቆ ዘንግ። የላቦራቶሪ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ጠይቁ፣ የአልኮል የሚለውን ዓይነት። አሠራሩ እንዲህ ነው። አልኮል ከውሃ ይቀላል፣ ስለዚህ አልኮሉ በበዛ ቁጥር ዘንጉ ወደ ታች ይሰምጣል። ስኳር ደግሞ ፈሳሹን ያከብደዋል፣ ዘንጉን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ መሣሪያውም ተታሎ «አልኮሉ ትንሽ ነው» ይላል። ጠርሙሱ 40 በመቶ ብሎ መሣሪያው ወደ 35 ካነበበ በሊትር 20 ግራም ገደማ ስኳር አለ ማለት ነው። ወደ 29 ከወረደ 40 ግራም ገደማ ነው። ጠርሙሱ ስለ አልኮሉ አልዋሸም፣ ልዩነቱ የስኳሩ ነው። ፈሳሹ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ መሆን አለበት፣ ካልሆነ ንባቡ ይዛባል። ይሄ መሣሪያ ስኳርን ከግሊሰሪን አይለይም። መርዛማውን አልኮል፣ ሜታኖልንም አያገኝም። ክዳኑ የተነካካ፣ ማኅተሙ የተቀደደ፣ ዋጋው ያለ ምክንያት የረከሰ ጠርሙስ ከሆነ ለመመርመር ብላችሁ እንኳን አትቅመሱት።

ስልክ ብቻ ላለው ሰው ደግሞ አቋራጭ አለ። የፊንላንዱ አልኮ እና የስዊድኑ ሲስተምቦላጌት የመንግሥት የመጠጥ መደብሮች ናቸው፣ ለሚሸጡት መጠጥ የስኳር መጠኑን በግራም ያወጣሉ። ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ የሩሙን ስም መፈለግ ትችላላችሁ። ጠርሙሱ ያላለውን እነሱ ይነግሯችኋል።

ወደ ፍርዱ እንምጣ። እኔ ስኳር ስላለው ብቻ ነጥብ አልቀንስም። ሰው የሚወደውን ይጠጣ። የምጽፈው ሁለት ነገር ለየብቻ ነው። አንዱ «ደስ አለኝ ወይ?» ነው፣ ይሄ የግል ነው፣ ማንም አይከራከረኝም። ሌላው «ስኳሩ ቢወጣ ምን ይቀራል?» ነው። አፍንጫው ላይ የተሰማው ነገር፣ በውሃ ሲቀጥን የተረፈው ነገር፣ ከዋጡት በኋላ ከጣፋጩ ሌላ የቆየው ነገር፣ እነዚህ ናቸው የሩሙ ሥራ። 15 ወይም 20 ግራም ገብቶበት ከሥሩ እውነተኛ ሩም ያለበት አለ። እንደዚህ ዓይነቱን አከብረዋለሁ፣ ስኳሩ ባይኖር ይሻል ነበር ብዬ ብጸጸትም። 40 ግራም ገብቶበት ውሃ ሲነካው የሚጠፋው ደግሞ አለ። እሱን ከሩም ጋር አላወዳድረውም፣ ከሊኬር፣ ማለትም ሆን ተብሎ በጣም ከተጣፈጠ የአልኮል መጠጥ ጋር ነው የማወዳድረው፣ ዋጋውንም እንደ ሊኬር ነው የማየው። አውሮፓ ውስጥ ሊኬር ለመባል በአብዛኛው በሊትር 100 ግራም ስኳር ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ይሄኛው ሊኬርም ሩምም ሳይሆን መሀል ላይ የቆመ ነገር ነው። ለዚህ ነው ዋጋው ላይ በጣም የምጨክነው። የምንከፍለው በርሜል ውስጥ ላለፈ ጊዜ ነው፣ ጊዜው ከሌለ ገንዘቡ የጠርሙሱ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት እንግዲህ፣ ዋናው ስም «ሩም» ይላል ወይ? አልኮሉ ስንት ነው? ቁጥሩ አጠገብ «ዓመት» አለ ወይስ ብቻውን ነው የቆመው? የት አገር ነው የተሠራው? ሱቅ ውስጥ በግማሽ ደቂቃ የሚታይ ነገር ነው። ሻጩንም ጠይቁ፣ ባያውቁት እንኳን ሲደጋገም ለአስመጪው ይነግሩታል።

ቤት ውስጥ የተቀመጠ ጣፋጭ ጠርሙስ ያለው ሰው አይድፋው። ከምግብ በኋላ በአንድ ትልቅ በረዶና በሎሚ ልጣጭ ደስ ይላል፣ ቅዝቃዜው ጣፋጩን ይቀንሰዋል፣ የልጣጩ ዘይት ደግሞ የጎደለውን ሽታ ይሞላል። በሎሚ ኮክቴል የምትሠሩ ከሆነ ሽሮፑን ቀንሱ። 60 ሚሊ ሩም፣ 30 ሚሊ የሎሚ ጭማቂና 20 ሚሊ ሽሮፕ የሚል አሠራር ካላችሁ፣ ሽሮፑን በ15 ጀምሩት፣ ቀምሳችሁ ካነሰ ጨምሩ።